የፍራፍሬ ሊኬር በቤት ውስጥ፦ ከመዘፍዘፍ እስከ ጠርሙስ

የፍራፍሬ ሊኬር ፍራፍሬ በአልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ጣዕሙንና ቀለሙን ከሰጠ በኋላ በስኳር የሚጣፍጥ መጠጥ ነው። እንደ ቢራ አይጠመቅም፤ እርሾ አያስፈልገውም። እንደ አረቄም በእሳት ተኖ አይወጣም። አልኮሉ ተዘጋጅቶ ተገዝቶ ይመጣል። የቤቱ ሥራ መዘፍዘፍ፣ ማጥለል፣ ማጣፈጥና መጠበቅ ነው።

ሥራው ቀላል ነው ማለት ግን በዘፈቀደ ይሠራል ማለት አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚወስነው አንድ ቁጥር አለ፤ የአልኮሉ መጠን። ይህ ቁጥር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የገባው ሰው ያገኘውን ፍራፍሬ ይዞ፣ የሌላ ሰው መመሪያ ሳያይ መሥራት ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ መጠጥ ሊኬር ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 15 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ስኳሩም ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር በሊትር ከ100 ግራም አያንስም። ጥቁር ከረንት ከሚባል ትንሽ ፍሬ የሚሠራው የፈረንሳዮቹ ክሬም ደ ካሲስ ደግሞ በሊትር ቢያንስ 400 ግራም ስኳር ይጠየቅበታል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን የመከተል ግዴታ የለበትም። ሊኬር ምን ያህል ሊጣፍጥ እንደሚችል ለመገመት ግን ጥሩ መነሻ ነው።

አልኮሉን በተመለከተ ብዙ ሰው 40 በመቶ የሆነ ቮድካ ይመርጣል። የጎላ የራሱ ጣዕም ስለሌለው ፍራፍሬውን አይሸፍንም። ሩም፣ ብራንዲና ጂንም ይሆናሉ፤ እነሱ ግን የራሳቸውን ጠረን ይዘው ይመጣሉ። ሩም ከአናናስ ጋር፣ ብራንዲ ከቼሪና ከኮክ ጋር ደስ የሚል ስምምነት አላቸው። ውድ አልኮል መግዛት አያስፈልግም። ለብቻው ሲቀመስ ጉሮሮ የሚቧጥጥ አልኮል ግን ፍራፍሬ ቢገባበትም ጉሮሮ መቧጠጡን አይተውም፤ ስኳርም አይደብቀውም።

ውሃና አልኮል ከፍራፍሬ የሚያወጡት ነገር አንድ አይደለም። ስኳር፣ የኮምጣጣነት አሲድና አብዛኛው ቀይ ቀለም በውሃ ይሟሟሉ። ጠረን የያዙት ዘይቶች ደግሞ አልኮልን ይወዳሉ። 40 በመቶ አልኮል የሁለቱም ድርሻ አለው፤ ለእንጆሪ፣ ለቼሪና ለአናናስ የሚስማማውም ለዚህ ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጠረን ግን ዘይት ውስጥ ስላለ እስከ 95 በመቶ የሚደርስ ጠንካራ አልኮል በፍጥነትና በሙላት ያወጣዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አብዛኛው ለስላሳ ፍራፍሬ ከክብደቱ 85 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ፍራፍሬ በአንድ ሊትር ባለ 40 ቮድካ ቢዘፈዘፍ የፍራፍሬው ውሃ ከአልኮሉ ጋር ይቀላቀላል፤ መጠኑም ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። በላዩ 300 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ ቢጨመር ከ20 በታች ይሆናል። ፍራፍሬውን ወደ ግማሽ ኪሎ ብንቀንሰው ግን ከሽሮፑ በኋላ 23 በመቶ አካባቢ ይቀራል። ብዙ ፍራፍሬ መጨመር የሚፈልግ ሰው ከ50 እስከ 60 በመቶ በሆነ አልኮል ቢነሳ ይሻለዋል። ይህን ሂሳብ ዕቃው ከመሞላቱ በፊት በወረቀት መሥራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ፍራፍሬ ግን ከመበላሸት ያድናል።

ለምን 20? መጠኑ ከዚያ ብዙ ሲወርድ እርሾ ተነስቶ መጠጡ መፍላት ሊጀምር ይችላል። የጃፓን ሕግም ይህንኑ ቁጥር ይዟል። በዚያ አገር ለራስ መጠጫ ቤት ውስጥ ፍራፍሬ መዘፍዘፍ የሚፈቀደው አልኮሉ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ወይንና እህል መጨመርም ክልክል ነው። ጃፓኖች በዚህ መንገድ ኡሜሹ የሚባለውን ይሠራሉ። ለፕሪምና ለአፕሪኮት የሚቀርበውን የኡሜ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቅሙታል። የተለመደው ልክ ለአንድ ኪሎ ፍሬ 1.8 ሊትር ባለ 35 በመቶ ሾቹ፣ ማለትም የጃፓኖች አረቄ ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ድንጋይ ስኳርም ይገባበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠጣል፤ ዓመት የቆየው ግን በጣም ይለያል።

የደቡብ ጣሊያኑ ሊሞንቼሎ ጠንካራ አልኮል የሚጠይቀው ዓይነት ነው። የሚዘፈዘፈው የሎሚው ቢጫ ልጣጭ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ነጭ ሽፋን መራራ ስለሆነ በስስ ቢላ ወይም በልጣጭ ማንሻ ተጠንቅቆ መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ በፍጹም አይባክንም። ግማሽ ሊትር ባለ 95 አልኮል፣ ከ750 ሚሊ ሊትር ውሃና ከ500 ግራም ስኳር በተሠራ ሽሮፕ ሲቀላቀል 30 በመቶ ገደማ የሆነ መጠጥ ይወጣል። ሽሮፑ ሲገባ ጥርት ያለው ቢጫ ፈሳሽ ድንገት ይደፈርሳል። ተበላሽቶ አይደለም። ውሃው ሲበዛ በአልኮሉ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ዘይት ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ስለሚለወጥ ነው። የሎሚው ጠረን በደንብ መውጣቱን የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው።

የመዘፍዘፊያው ጊዜ እንደ ፍራፍሬው ይለያያል። እንጆሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ይነጣል፤ ከዚያ በላይ ማቆየት ትኩስነቱን ያሳጣል። የሎሚ ልጣጭ በጠንካራ አልኮል በሳምንት ይበቃዋል። ቼሪና ፕሪም ወር፣ ሁለት ወር ይፈልጋሉ። ቆዳቸው ወፍራም የሆኑትን በመርፌ መውጋት ወይም አንድ ሌሊት በረዶ ቤት ማሳደር ይረዳል፤ ውርጩ ሥጋቸውን ሲሰብረው ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። እንግሊዞች ስሎው ጂን የሚሠሩበትን የዱር ፍሬ ከመጀመሪያው ውርጭ በኋላ የመልቀም ልማድ ያላቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሙዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አይመከርም፤ ይላሽቅና ለማጥለል ያስቸግራል።

ስለ ዘር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቼሪ፣ የኮክና የፕሪም ዘር ውስጡ አሚግዳሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ሲሰበር ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ይለቃል። ሳይሰበር የተዘፈዘፈ ዘር ቀለል ያለ የለውዝ መሰል ጠረን ይሰጣል። ዘሩን መስበርና መፍጨት ግን ፈጽሞ አይገባም። ለጀማሪ ደግሞ ዘሩን አውጥቶ መጣል ይሻላል።

ስኳር መቼ ይግባ? ሁለት መንገድ አለ። ከመጀመሪያው ሲገባ ጭማቂውን ከፍራፍሬው ይስባል። የጀርመኖቹ ሩምቶፕፍ እንዲህ ነው፤ ከበጋ መጀመሪያ ጀምሮ የደረሰው ፍራፍሬ ሁሉ በየተራ ከስኳር ጋር ጠንካራ ሩም ውስጥ እየተጨመረ፣ ለገና ሰሞን ይከፈታል። ሁለተኛው መንገድ ከተጠለለ በኋላ ማጣፈጥ ነው። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ፍራፍሬ ሁሉ እኩል አይጣፍጥም፤ የተጨመረ ስኳር ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። 500 ግራም ስኳር በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ሽሮፕ ይሆናል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹን ጨምሮ መቅመስ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ መቀጠል ነው። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚቀንስ፣ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ከሆነ ቀዝቅዞ ይቀመስ።

ሲጠለል መጀመሪያ ወንፊት፣ ቀጥሎ ንጹሕ ስስ ጨርቅ፣ መጨረሻ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ይበቃል። ፍራፍሬውን መጭመቅ ያጓጓል፤ ግን መጠጡን ያደፈርሳል። ፍራፍሬውን መቀቀልም አይበጅም፤ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን ይወጣና አልኮል ሲነካው ይረጋል። የደፈረሰውን ለጥቂት ቀናት ሳይነኩ አስቀምጦ፣ አተላው ሲዘቅጥ ጥርቱን ከላይ መቅዳት ብዙ ድካም ይቀንሳል።

መዘፍዘፊያውም ሆነ ጠርሙሱ የመስታወት ይሁን። ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን ቀዩን ቀለም ያደበዝዘዋል። አዲስ የተጣፈጠ ሊኬር አልኮሉ፣ ስኳሩና ፍራፍሬው ለየብቻ ይቀመሳሉ። ከወር በኋላ ይዋሃዳሉ። ካልበሰለ ዋልነት የሚሠራው የጣሊያኖች ኖቺኖ ሲጀመር ምላስ የሚያስር መራራ ነው። ፍሬው በልማድ ሰኔ 24 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቅርፊቱ ገና በቢላ ሲቆረጥ ይለቀማል። የሚለዝበው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ስለ አልኮሉ ምንጭ ዋዛ የለም። ለመጠጥ ተብሎ የተሸጠ ብቻ ይሁን። ለቁስል ማጽጃ፣ ለማገዶ ወይም ለፋብሪካ የሚሸጠው ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ ሜታኖል ያሳውራል፣ ይገድላል። ቀቅሎም፣ አጥልሎም፣ ስኳር ጨምሮም የሚወገድ አይደለም። ጠንካራ አልኮል እሳት አጠገብ አይቀዳ፤ ትኩስ ሽሮፕ ላይም አይፍሰስ፤ ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በብዙ አገሮች ቤት ውስጥ አልኮል ማውጣት ያለ ፈቃድ አይቻልም። የተገዛን አልኮል መዘፍዘፍ ከዚያ የተለየ ሥራ ነው፤ ለሽያጭ ማዘጋጀት ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

ከተጠለለ በኋላ የሚተርፈው ፍራፍሬ ብዙ አልኮል ይዟል። ቼሪና ፕሪም በአይስክሬም ላይ ወይም በኬክ ውስጥ ግሩም ናቸው። ጣዕሙን የጨረሰ እንጆሪ ግን ቢጣል አይቆጭም። የሚበላው ፍራፍሬ ከልጆች ይራቅ፤ መኪና የሚነዳ ሰውም እንደ መጠጥ ይቁጠረው።