ሁሉን ተቀባይ የኢሜይል አድራሻ በደሴና በኮምቦልቻ

ሁሉን ተቀባይ የኢሜይል አድራሻ፣ በአንድ ድርጅት ዶሜን ስም (በአድራሻው ውስጥ ከኤት ምልክቱ «@» በኋላ ባለው ስም) ከመጡት መልእክቶች መካከል የተመዘገበ ባለቤት የሌላቸውን የሚሰበስብ ሳጥን ነው። ከኤት ምልክቱ በፊት ያለው ስም ተሳስቶ ቢጻፍ፣ ባለቤቱ ሥራ ቢለቅ ወይም ጨርሶ ያልነበረ ቢሆንም ደብዳቤው ይገባል። ሳጥኑ ከሌለ ሰርቨሩ (ኢሜይሉን የሚቀበለው ኮምፒውተር) አብዛኛውን ጊዜ በ550 ቁጥር «እንዲህ ያለ ተቀባይ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ቁጥሩ ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. ካዘጋጀው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ የመጣ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ የሳጥኑ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በፊደል ጣጣ ነው። አድራሻ በአብዛኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛን በላቲን ለመጻፍ ግን ሁሉም የተስማማበት ሥርዓት የለም። መሐመድ የሚባል ሠራተኛ የሌለው መሥሪያ ቤት በወሎ ማግኘት ይከብዳል፤ ስሙን ግን አንዱ ከመጀመሪያው ኤም ቀጥሎ በኦ፣ ሌላው በዩ፣ ሦስተኛው በኢ ይጽፈዋል፤ መካከል ላይ ያለውን ኤም የሚደግምም አለ፣ የማይደግምም አለ። ፀሐይ ደግሞ በቲ ትጀምራለች ወይስ በኤስ? በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካለ ፋብሪካ ጋር የሚጻጻፍ የውጭ ደንበኛ የሠራተኛውን ስም በስልክ ብቻ ሰምቶ ከሆነ፣ መሳቱ አይገርምም። ሁሉን ተቀባዩ ሳጥን እንዲህ ያለውን ስሕተት ይሸፍናል።

የማይሸፍነው ከኤት ምልክቱ በኋላ ያለውን ነው። ኮምቦልቻን በኬም በሲም የሚጀምር ሰው አለ፤ ደሴም አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ትጻፋለች። የከተማውን ስም በዶሜኑ ውስጥ ያስገባ ነጋዴ ሁለተኛውን አጻጻፍ ካላስመዘገበ፣ ደብዳቤው ሰርቨሩ ደጃፍ እንኳ አይደርስም። ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ደግሞ ለዚያ ሰው ሊገባ ይችላል፤ የዋጋ ማቅረቢያ ለሚላላክ ድርጅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዕዳው አይፈለጌ መልእክት ነው። ላኪዎቹ የተለመዱ ስሞችን በፕሮግራም እየደረደሩ ይሞክራሉ፤ ሁሉን የሚቀበል ሰርቨር ለሁሉም «እሺ» ስለሚል ሳጥኑ በቀናት ውስጥ ሊጥለቀለቅ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ዝምታው ይመስለኛል፦ ተሳስቶ የላከ ሰው ደብዳቤው ስለማይመለስለት ደረሰልኝ ብሎ ይቀመጣል፤ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ካልተመደበ መልስ የለም። የሚከፍተውም ሰው ለሌላ የተጻፈ የደመወዝ ወይም የሕክምና ጉዳይ ሊያነብ ስለሚችል፣ ኃላፊነቱን ለተገኘው ሰው ሁሉ መስጠት አያዋጣም።

ስለዚህ ሳጥኑን ለዘለቄታው ከመክፈት ይልቅ ለጥቂት ወራት ከፍቶ ማየት ይሻላል። በተደጋጋሚ የሚመጡት የተሳሳቱ አጻጻፎች ተለቅመው በተለዋጭ ስምነት ወደ ትክክለኛው ባለቤት ይመራሉ፤ ከዚያ ሳጥኑ ይዘጋል። ሲዘጋ «ፖስትማስተር» የሚለው አድራሻ አብሮ መዘጋት የለበትም፤ የመላላኪያው ደንብ ኢሜይል የሚቀበል ዶሜን ሁሉ ይህን ስም እንዲቀበል ያስገድዳል።