«ቻው» ከየት መጣ? ከቬኒስ እስከ እኛ ቤት

ስልክ ልንዘጋ ስንል የምንለውን አንድ ቀን ልብ ብላችሁ አዳምጡት። «እሺ በቃ... ሁሉንም ሰላም በይልኝ... እሺ... ቻው... እሺ፣ ቻው ቻው።» ቻው ካልተባለ ወሬው ያለቀ አይመስለንም። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ «ቻው በላቸው» ሲባል እጁን ያወዛውዛል። አንዳንዱ መዳፉን ወደ ራሱ አዙሮ ስለሆነ የሚያወዛውዘው፣ ራሱን የሚሰናበት ይመስላል።

ቃሉ የጣሊያኖቹ «ቻኦ» ነው። እነሱም ሕፃን ሲያለማምዱ «ፋይ ቻኦ» ይሉታል፤ «ቻው አድርግ» እንደማለት። ልዩነቱ እነሱ ሲገናኙም ሲለያዩም ቻኦ ማለታቸው ነው። እኛ የወሰድነው የመለያያውን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጣሊያናዊ በር ከፍቶ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ቻኦ!» ቢል፣ ለእኛ ጆሮ ሳይገባ የወጣ ሰው ነው።

የቃሉ አገር ቬኒስ ናት። ቬኒስ እስከ 1797 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሷን የቻለች የነጋዴና የመርከበኛ ሪፐብሊክ ነበረች። የራሷ ቋንቋም ነበራት፤ ዛሬም የሚናገሩት አሉ። በዚያ ቋንቋ ሰው ለሰው አክብሮቱን ሲገልጽ «ስቻቮ ቮስትሮ» ይል ነበር። ትርጉሙ «ባሪያዎ ነኝ» ነው። ይህን ያለ ሰው በእርግጥ ባሪያ ነኝ ማለቱ አልነበረም። «እታዘዝዎታለሁ፣ ከእግርዎ ስር ነኝ» ዓይነት የጨዋ ንግግር ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቬኒሱ የቲያትር ጸሐፊ ካርሎ ጎልዶኒም ገጸ ባሕርያቱን በዚህ ቃል ሰላምታ ያሰጣጣቸዋል።

በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚባል ነገር ደግሞ ያልቃል፣ ይሳሳል። መጀመሪያ «ቮስትሮ» ተጣለ። ከዚያ መሐል ያለችው «ቮ» ላልታ «ስቻኦ» ሆነ። በመጨረሻም ከፊት ያለችው «ስ» ጠፋች። «ቻኦ» ብቻ ቀረ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሚላኖንና መላውን ሰሜን ጣሊያን አዳረሰ። ቀስ እያለም ወደ ደቡብ ወረደ። እየወረደ ሲሄድ ግን ማጎንበሱን ትቶ ነበር። ለጌታ የሚባለው ቃል የጓደኛሞች ቃል ሆነ። ዛሬ አንድ ጣሊያናዊ አንቱ ለሚለው ሰው ቻኦ አይልም፤ «ቦንጆርኖ» ወይም «አሪቬደርቺ» ነው የሚለው። ቃሉ ከተነሳበት ጋር ሲነጻጸር ፍጹም ተገልብጧል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። «ስቻቮ» ራሱ ከየት መጣ?

በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ስክላቩስ» የሚል ቃል ነበር። ሁለት ትርጉም ነበረው፤ አንዱ ስላቭ፣ ሌላው ባሪያ። ስላቮች ዛሬ ፖላንዶች፣ ቼኮች፣ ክሮአቶች፣ ሰርቦች፣ ቡልጋሮች፣ ሩስያውያን እያልን የምንጠራቸው ሕዝቦች ቤተሰብ ናቸው። እነሱ ራሳቸውን «ስሎቬኔ» ይሉ ነበር። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን «ስሎቮ» ከሚለው ጋር ያያይዙታል። ስሎቮ «ቃል» ማለት ነው። ስለዚህ ስማቸው «ቃል ያላቸው፣ የምንግባባቸው» እንደማለት ነው። ጎረቤቶቻቸውን ጀርመኖችን ደግሞ ዲዳ ከሚል ቃል አውጥተው «ኔሜትስ» አሏቸው። ዐረቦች ኦስትሪያን «ኒምሳ» የሚሏት ከዚሁ ከስላቮቹ ቃል ነው።

ታዲያ ይህ ቃል ያለው ሕዝብ ነው ስሙ «ባሪያ» ሆኖ የቀረው። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ በጦርነት የተማረኩ ስላቮች በብዛት ይሸጡ ነበር። የሚሸጡት ወደ ባይዛንታይን፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ እስከ ሙስሊሟ እስፓኝ ድረስ ነው። ዐረቦቹ «ሰቃሊባ» ይሏቸዋል፤ ያው «ስላቭ» ነው። በኮርዶባ ቤተ መንግሥት ወታደሮችና አገልጋዮች ሆነው ኖረዋል። ከነጋዴዎቹ መሐል ደግሞ የቬኒስ ሰዎች ነበሩበት። ገበያው ውስጥ የሚታየው ባሪያ አብዛኛው ስላቭ ሲሆን፣ የሕዝቡ ስም የሥቃዩ ስም ሆነ። የእንግሊዞቹ «ስሌቭ»፣ የፈረንሳዮቹ «ኤስክላቭ»፣ የእስፓኞቹ «ኤስክላቮ»፣ የጀርመኖቹ «ስክላቨ»፣ የጣሊያኖቹ «ስኪያቮ» ሁሉም ከዚህ የወጡ ናቸው። ይህንን መጀመሪያ ሳውቅ ደንግጬ ነበር። «ባሪያ» የሚለው ቃል በእኛም አገር ስንቱን እንዳቆሰለ እናውቃለን።

ቬኒስ ውስጥ ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ወጣ ብሎ ውሃውን ታክኮ የሚሄድ ሰፊ የእግር መንገድ አለ። ስሙ «ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ» ነው፤ የስላቮቹ ዳርቻ። ከዳልማሺያ፣ ከዛሬዋ ክሮኤሽያ ጠረፍ፣ የሚመጡ ነጋዴዎችና መርከበኞች ጀልባቸውን የሚያስሩት እዚያ ስለነበር ነው። ዛሬ ቱሪስቱ በዚያ መንገድ ሲተላለፍ «ቻኦ፣ ቻኦ» ይባባላል። የመንገዱ ስምና የሰላምታው ቃል መነሻቸው አንድ ነው።

ጥያቄ ይነሳል። ሮማውያን ለባሪያ ቃል አልነበራቸውም እንዴ? ነበራቸው፤ «ሰርቩስ» ይባላል። ግን ሰርቩስም ከዘመን ብዛት ለዘበ፤ ከርስቱ ጋር የታሰረ ገባር ማለት እየሆነ መጣ። የፈረንሳዮቹ «ሰርፍ» ከዚያ ነው። ገበያ ላይ ለሚሸጠው ሰው ሌላ ቃል አስፈለገ፤ «ስክላቩስ» ቦታውን ያዘ። የሚገርመው የሁለቱ መጨረሻ ነው። ሰርቩስም ሰላምታ ሆኗል! ቪየና ወይም ሙኒክ ብትሄዱ ወዳጅ ወዳጁን «ሰርቩስ!» ይለዋል፤ ሲገናኙም ሲለያዩም። የቀድሞው የኦስትሪያ ነገሥታት ግዛት በነበሩት በሀንጋሪ፣ በስሎቫኪያ፣ በትራንሲልቫኒያና በደቡብ ፖላንድም ይሰማል። ሀንጋሪዎች እንደውም አሳጥረው አሳጥረው «ሲያ» አድርገውታል። ስዊድኖችም የራሳቸው አላቸው፦ «ቼናረ»፣ አገልጋይ ማለት ነው፤ በአጭሩ «ቼና»። «ሃይ!» እንደማለት ነው ዛሬ። እንግሊዞችም ደብዳቤያቸውን «ታዛዥ አገልጋይዎ» ብለው የሚዘጉበት ዘመን ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ድሮ አማርኛ ደብዳቤ «አሽከርዎ» ተብሎ ይፈረም ነበር። ገብረ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ ገብረ እግዚአብሔር ስንል «ገብር» በግዕዝ ባሪያም አገልጋይም ነው። ራስን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ማክበር የብዙ ሕዝብ ወግ ነው።

ወደ ቻኦ እንመለስ። ከጣሊያን ሲወጣ በየደረሰበት አገር ትንሽ ትንሽ ተለወጠ። በጣሊያንኛ ሕግ ሳይሆን እንደ አነባበባቸው ሲጽፉት ጀርመኖች ስድስት ፊደል ይፈጅባቸዋል። ቼኮች በሦስት ይጨርሱታል። እኛ በሁለት። ጀርመን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የመሰናበቻ ነው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ስምምነት በኋላ ጀርመን ብዙ የጣሊያን ሠራተኞችን አስገብታለች፤ ቃሉን የሚያለማምድ ጎረቤት አልታጣም። ስዊዘርላንድ ውስጥ እንደ ጣሊያን ለሁለቱም ይውላል። ፈረንሳዮች ሲለያዩ ብቻ ይሉታል። ላትቪያና ኤስቶኒያ ደግሞ ለሁለቱም ይሉታል። ከአውሮፓ ተሻግሮ በጣሊያን ስደተኞች አፍ ደቡብ አሜሪካ ገብቷል። ብራዚልና አርጀንቲና «ቻው» ይላሉ፤ አባባሉ ከእኛው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እነሱም እንደ እኛ ለመሰናበቻ ነው።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የስላቮቹ ነገር ነው። ቼኮች «ቻው» ይላሉ። ስሎቫኮችም «ቻው»። ቡልጋሮች «ቻኦ»፣ ሰርቦችና ቦስኒያውያንም እንዲሁ። አንድ የፕራግ ተማሪ ትራም ላይ ሊወጣ ሲል ጓደኛውን «ቻው» ሲል፣ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም ነው የሚጠራው። ከገበያ ቦታ ተነስቶ፣ ባሪያ ሆኖ፣ ትሕትና ሆኖ፣ ሰላምታ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰ ስም። ጨርሶ አይሰማውም። እንዲሰማውም አይጠበቅም።

እግረ መንገዴን ሁለት መምታታት ላንሳ። የጀርመኖቹ «ቹስ» የቻኦ ዘመድ ይመስላል፤ አይደለም። እሱ ከፈረንሳዮቹ «አዲዩ» ቤተሰብ ነው፤ «ለእግዜር» ማለት። ቬትናሞችም ሰው ሲያገኙ «ቻው» የሚመስል ነገር ይላሉ። እሱ የራሳቸው ቃል ነው፤ ከቬኒስ ጋር የሚያገናኘው የለም።

በ1990 እ.ኤ.አ. ጣሊያን የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ ምልክቱ ጭንቅላቱ ኳስ የሆነ፣ አካሉ በአረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ጡቦች የተገጣጠመ አሻንጉሊት ነበር። ስሙ «ቻኦ» ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ የነበረ ኢትዮጵያዊ ማንም እንዲተረጉምለት አልፈለገም።

ወደ እኛ ያመጣው ታሪክ ደስ የሚል አይደለም። ጣሊያን ኤርትራን በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያን ወረረች፤ የፈሰሰው ደም ይታወቃል። ወራሪው ሲወጣ ብዙ ቃል ጥሎ ሄደ። ፎርኖ፣ ፍሬን፣ ካልሲ፣ ጎማ፣ ማኪያቶ፣ ፒያሳ። አብዛኞቹ የዕቃና የቦታ ስሞች ናቸው፤ ዕቃው ሲመጣ ስሙም አብሮ ይመጣል። ቻው ግን ዕቃ የለውም። መሰናበቻ ደግሞ አልጎደለንም ነበር። ታዲያ ለምን ያዝነው?

የእኔ ግምት ይህ ነው። የእኛ መሰናበቻ ሰውየውን አይቶ ነው የሚነገረው። ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁኑ፣ ደህና ይሁኑ። ሰዓቱንም ያያል፤ ቀን ከሆነ ደህና ዋል፣ ማታ ከሆነ ደህና እደር። ቻው ምንም አይጠይቅም። ወንድ ሴት አይልም፣ አንተ አንቱ አይልም፣ ንጋት ምሽት አይልም። አንተ ልበለው ወይስ አንቱ ብሎ ለተጨነቀ ሰው እንዴት ያለ ግልግል ነው! ጣሊያኖቹ ጋ ቻኦ የአንተና የአንቺ ሰው ብቻ ነው። እኛ ጋ የሁሉም ሆነ።

የሁሉም ስል ግን አያቴን አይጨምርም። ስልክ ሳወራቸው «እማማ፣ በቃ ቻው» እላለሁ። እሳቸው ቻው ብለው አያውቁም። «ደህና እደሪ የኔ ልጅ። በሰላም ያሳድርሽ። ክፉ አይንካሽ። እነዚያንም ልጆች ሳሚልኝ...» ይቀጥላሉ። ምርቃቱ እስኪያልቅ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እይዛለሁ።