የወንድ አሳማ ዘር የሴቷ እንቁላል ቱቦ ላይ የሚጣበቀው ለምንድን ነው?

ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ እንስሳት ሳይንስ የምታጠና የእህቴ ልጅ፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን "ጋሼ፣ ይሄ ሴቷ አሳማ ውስጥ ያለ የወንዴ ዘር ማከማቻ የሚሉት ነገር ግራ ገባኝ" አለችኝ። የሆነ ከረጢት መስሏት ነበር። ከረጢት የለም። (ባህር ዳር ላይ አሳማ ብዙም አናይም፣ ፈተና ላይ ግን አይቀርም።)

አንዲት አሳማ በሰው ሰራሽ ዘዴ ስትዳቀል በቢሊዮን የሚቆጠር የወንዴ ዘር ይገባላታል። አብዛኛው ወይ ተመልሶ ይፈሳል፣ ወይ ማህፀን ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ይበሉታል፤ የእንቁላል ቱቦው ጋ የሚደርሰው በሺዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። የደረሱት ታዲያ ኢስትመስ በሚባለው የቱቦው ጠባብ ክፍል፣ በጭንቅላታቸው ግድግዳው ላይ ጥብቅ ይላሉ። የሚይዟቸው የግድግዳው ህዋሳት ላይ ያሉ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ማከማቻ የሚባለው እንግዲህ ይሄው ነው፤ ሐይቁ እስኪረጋ ደንገል ላይ እንደታሰረች ታንኳ በሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተጣበቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። እንዲያውም ዕድሜው የሚረዝመው ስለተጣበቀ ነው፣ ከ24 ሰዓት በላይም ይቆያል። እንቁላሎቹ የሚወጡበት ሰዓት ሲደርስ የዘሩ ሽፋን ይለወጣል፣ ጭራው በኃይል መገረፍ ይጀምራል፣ ከዚያ ይላቀቃል። ለውጡ ካፓሲቴሽን ይባላል፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ቻንግ እና ኦስቲን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደረሱበት።

ሁሉም ባንዴ አይለቁም፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ባንዴ ቢጎርፉ አንድ እንቁላል ውስጥ ከአንድ በላይ ዘር ይገባና ጽንሱ ይበላሻል፤ ላብራቶሪ ሳህን ላይ የአሳማ እንቁላል ሲዳቀል የሚያስቸግረውም ይሄው ነው።