የቤት ውስጥ ዲዮድራንት አዘገጃጀት በጎንደር

ዲዮድራንት በብብት ሥር የሚፈጠረውን መጥፎ ጠረን ለመቀነስ የሚቀባ፣ የሚረጭ ወይም የሚነሰነስ ዝግጅት ነው። በጎንደር ከሱቅ ከሚገዛው ጎን ለጎን ከሸብ፣ ከሎሚ፣ ከሰም፣ ከሰሊጥ ዘይት፣ ከስታርችና ከቤኪንግ ሶዳ በቤት ውስጥ ሊሰናዳ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ሸብና ሎሚ በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁ ሲሆኑ፣ በኮኮናት ዘይትና በቤኪንግ ሶዳ የሚሠራው ቅባት ግን በቅርቡ በእጅ ስልክ ላይ ከሚታዩ ቪዲዮዎች የተወረሰ ነው። የባሕር ማዶው አሠራር እንዳለ ሲገለበጥ ለከተማዋ አየርም ሆነ ለነዋሪዋ ልብስ ሁልጊዜ አይስማማም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው ነገር ሊቀር፣ የትኛውም በአገር በቀል ዕቃ ሊተካ እንደሚገባ መለየት ነው።

ላብ በራሱ እምብዛም ሽታ የለውም። የሰው ገላ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚገመቱ የላብ ዕጢዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚያመነጩት ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ነው፤ ሥራቸውም ገላን ማቀዝቀዝ ነው። በብብትና በብልት አካባቢ የሚገኙት የተለዩ ዕጢዎች ግን በጉርምስና ወቅት ሥራ ይጀምሩና ቅባትና ፕሮቲን ያለበት ወፈር ያለ ፈሳሽ ያወጣሉ። ይህንን ፈሳሽ ኮሪኔባክቴሪየምና ስታፊሎኮከስ ሆሚኒስ የተባሉ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት፣ በጥቂቱ እንኳ አፍንጫን የሚያውኩ አሲዶችና ድኝ ያለባቸው ውሁዶች ይፈጠራሉ። ኤቢሲሲ 11 የተባለው ዘረመል በተለየ መልኩ የሚገኝባቸው ሰዎች፣ በተለይም አብዛኞቹ የምሥራቅ እስያ ተወላጆች፣ ይህ ጠረን እጅግ አነስተኛ ነው፤ በአፍሪካ ግን ያ መልክ ብርቅ ስለሆነ ጉዳዩ ለሁሉም ሰው ማለት ይቻላል የሚመለከት ነው። የብብት ሽታን ወዲያውኑ ከንጽሕና ጉድለት ጋር ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም።

በዚህ ምክንያት ሽታን ለመቀነስ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ባክቴሪያዎቹን ማዳከም ሲሆን ሁለተኛው ላቡን ማገድ ነው። በገበያ ታሪክ ቀዳሚ የሚባለው ‹መም› የተሰኘው ቅባት እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ የቀረበ ሲሆን፣ ሥራው ባክቴሪያዎቹን ማዳከም ነበር። ላብን የሚያግዱት ደግሞ በአሉሚኒየም ጨዎች አማካይነት የላብ ቀዳዳዎችን ለጊዜው ይደፍናሉ። በቤት ውስጥ የሚሠራ ቅባት ላብን አያቆምም። ከቀባ በኋላ ሸሚዙ መርጠቡን አይቶ ‹አልሠራም› የሚል ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። የኮኮናት ዘይት ከ24 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ በእርሱ ብቻ የተሠራ ቅባት በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ፈሳሽ፣ ጧት ደግሞ ድርቅ ያለ ሆኖ ይገኛል። ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ ይዞት ለሚወርድ ሰውማ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ነው። የንብ ሰም ግን የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ በላይ በመሆኑ ቅባቱን ጸንቶ ያቆየዋል። ውኃ በዚህ ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ሰምን በእንፋሎት ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉም ቀላሉ ሸብ ነው። ሸብ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ የማዕድን ድንጋይ ሲሆን የኬሚስትሪ ስሙ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት ነው፤ ቆዳ ፋቂዎች ለሥራቸው፣ ጸጉር አስተካካዮችም ምላጭ የቆረጠውን ደም ለማቆም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እንደ ቅዳሜ ገበያና አራዳ ባሉ የጎንደር ገበያዎች የሚፈለገው ከቅመማ ቅመምና ከዕጣን ሻጮች ዘንድ ነው። አጠቃቀሙ ድንጋዩን በውኃ አርሶ፣ ታጥቦ በደረቀ ብብት ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸት ብቻ ነው። የሚረጭ የሚመርጥ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሸብ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ በመርጫ ጠርሙስ ሊይዘው ይችላል። ሸብ ቆዳን ያኮማትራል፤ ገጹንም አሲዳማ በማድረግ ባክቴሪያ እንዳይመቸው ያደርጋል፤ ልብስ አያቀባም፤ ደርቆ ከተቀመጠም ለብዙ ወራት አይበላሽም። አዲስ የተላጨ ብብትን ግን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ከላጩ በኋላ እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ይበጃል። ብዙ ሰዎች ሸብን ‹አሉሚኒየም የሌለበት› አማራጭ እያሉ ያወድሱታል፤ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ግን ሸብም የአሉሚኒየም ጨው ነው። ከፋብሪካው ምርት የሚለየው በዓይነቱና በኃይሉ እንጂ ከንጥረ ነገሩ ነፃ በመሆኑ አይደለም።

ሎሚን ለሁለት ከፍሎ ብብትን ማሸትም የታወቀ ዘዴ ነው። ሎሚ በአሲድነቱ ባክቴሪያን ያዳክማል፤ ሆኖም በአገራችን የሚበዛው ትንሿ ሎሚ በልጣጯ ውስጥ ያሉት ውሁዶች በቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፤ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋሉ። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሶ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ሎሚ ፈጽሞ አይመከርም። የግድ ከተፈለገ ጭማቂውን በብዙ ውኃ አቅጥኖ ማታ መቀባትና ጧት በሚገባ መታጠብ ይሻላል።

ቅባቱን ለመሥራት መነሻው ሰም ነው። ከጠጅ ጥንስስ የሚቀረው ሰፈፍ በሙቅ ውኃ ቀልጦ በጨርቅ ሲጠለልና ሲቀዘቅዝ፣ ጥሩ ሰም ከላይ ጋግሮ ይወጣል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥም አለ፤ ሲገዙ ግን የማር ሽታ እንዳለው ማሽተት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሽታ የሌለው ነጭ ሰም ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ተረፈ ምርት የሚገኘው የሻማ ፓራፊን ነው። ለዘይቱ ደግሞ የሰሊጥ ዘይትን የሚያህል ምርጫ በጎንደር አይገኝም። ሰሊጥ የምዕራቡ ቆላ ዋና ምርት ከመሆኑም በላይ፣ ዘይቱ ከመቆምጠጥ የሚጠብቁት ተፈጥሯዊ ውሁዶች አሉት። የኑግ ዘይት በአንጻሩ ቶሎ የሚቆመጥጥ ሲሆን፣ ቅቤ ደግሞ በሰውነት ሙቀት ራሱ የሽታ ምንጭ ይሆናል፤ ለጸጉር የሚያምረው ሁሉ ለብብት አይሆንም። ሰሊጡ ሳይቆላ የተጨመቀ ሊሆን ይገባል፤ የተቆላው ጠረኑ ይበረታል። እርጥበት መጣጩ የበቆሎ ስታርች ነው። ቡላም በመሠረቱ ስታርች በመሆኑ እርጥበት ይመጣል፤ ነገር ግን የመብላላት ሽታው ስለማይለቀው እኔ አልመርጠውም።

አሠራሩ አጭር ነው። በተፈቀፈቀ መልኩ 2 የሾርባ ማንኪያ ሰምና 5 የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት በሳሕን ይደረግና፣ ሳሕኑ ውኃ በሚንተከተክበት ድስት አፍ ላይ ተቀምጦ እስኪቀልጥ ይጠበቃል። ሰም እሳት ስለሚይዝ በቀጥታ ምድጃ ላይ አይጣድም። ከወረደ በኋላ ዳር ዳሩ መደብዘዝ ሲጀምር 3 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በወንፊት እየተነፋ ይጨመራል፤ ከዚያም እስኪወፍር ድረስ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዱቄቱ ይዘቅጣል፤ የላይኛው ክፍል ባዶ ዘይት፣ የታችኛውም አሸዋማ ይሆናል። በመጨረሻ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይገለበጣል። ለአንድ ብብት የሽምብራ ፍሬ የምታህል በጣት ወስዶ አሙቆ መቀባት በቂ ነው።

ቤኪንግ ሶዳን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበዛል። ሶዳ አሲዳማ የሆኑትን የሽታ ውሁዶች ስለሚያከሽፍ በእርግጥ ይሠራል። ይሁን እንጂ ጤነኛ ቆዳ አሲድነትን በሚያሳየው የፒኤች መለኪያ ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ፣ ማለትም አሲዳማ ሲሆን፣ የሶዳ ውሕድ ግን ከ8 በላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ አልካሊ ነው። የቀጠለ አጠቃቀም የቆዳን መከላከያ እያሳሳ መቅላት፣ ማሳከክና መላላጥ ያመጣል። በየቪዲዮው የሚታየው ‹ግማሽ በግማሽ› ልኬት ለብዙ ሰው ቆዳ ከመጠን ያለፈ ነው። ከላይ በተገለጸው መጠን ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ቆዳው ስስ ለሆነ ሰው ደግሞ ጨርሶ መተው ይሻላል። ሶዳን ከሸብ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀልም ዋጋ የለውም፤ አሲዱና አልካሊው አረፋ ሠርተው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በሱቅ ከጎኑ የሚደረደረው ቤኪንግ ፓውደር ይህንኑ አረፋ ለሊጥ እንዲያወጣ የተቀመመ ሌላ ዕቃ ስለሆነ በስሕተት እንዳይገዛ ማየት ያስፈልጋል።

በመዓዛ ረገድ ጎንደር ድሃ አይደለችም። ከመተማና ከአካባቢው ቆላ የሚመጣው ዕጣን፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳርና ከቅቤ ጋር ተለውሶ ጸጉር የሚቀባው አደስ በየቤቱ የሚታወቁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን አድርቆና ወቅጦ ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ለጥቂት ቀናት መዘፍዘፍ፣ ከዚያም አጥልሎ ዘይቱን ለቅባቱ መጠቀም ይቻላል። ከሱቅ የሚገዛ የተነጠረ የዕፅዋት ዘይት እጅግ የተጠናከረ ስለሆነ ከጥቂት ጠብታ በላይ አይጨመርም። ገላን በመዓዛ መንከባከብ በዚህ አገር አዲስ ነገር አለመሆኑን የወይባ ጢስ ልማድ ያሳያል፤ በፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤትም የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ለገላ እጥበት የሰጡትን ቦታ ይመሰክራል። መዓዛ ግን ሽታን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አይነካም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከቅባቱ ራሱ ያልተናነሰ ሚና አላቸው። የመጀመሪያው ውኃ ነው። በጎንደር የቧንቧ ውኃ እጥረት ነዋሪው የሚያውቀው ችግር ስለሆነ በየቀኑ ገላን መታጠብ ለሁሉም አይቻልም፤ ቢሆንም በአንድ ጣሳ ውኃና በሳሙና ብብትን ብቻ ታጥቦ በሚገባ ማድረቅ፣ ባልታጠበ ብብት ላይ ከሚደረብ ከማንኛውም ቅባት የበለጠ ውጤት አለው። ሁለተኛው ልብስ ነው። የፖሊስተር ሸሚዝ ከጥጥ ይልቅ ሽታ ይይዛል። ነጭ የሐበሻ ልብስ በአንጻሩ ጥጥ ቢሆንም ዘይት ከነካው ምልክቱ በቀላሉ አይለቅም። በበዓል ቀን ቅባቱን ትቶ የሸብ ውኃ መርጨት ወይም ስታርቹን ብቻ በስሱ መነስነስ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ማንኛውም ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር በክንድ የውስጥ በኩል በትንሹ ተቀብቶ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይታያል። ሽፍታ፣ እብጠት፣ መግል ወይም ድንገት የተለወጠ ጠረን ከታየ መቀባቱን አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የፈንገስና የባክቴሪያ ሕመሞች በቅባት እየተሸፈኑ ሊባባሱ ይችላሉ። ከሱቅ የሚገዛው ዲዮድራንት የጡት ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ ብዙ ሰዎችን ወደ ቤት ውስጥ ዝግጅት የገፋ ቢሆንም፣ እስካሁን በተደረጉ ጥናቶች አልተረጋገጠም። ቤት ውስጥ ለመሥራት በቂ ምክንያት የሚሆኑት ዋጋውና የራስን ቆዳ የሚስማማውን የመምረጥ ነፃነት ናቸው።

ቅባቱ ውኃ ስለሌለበት፣ እርጥብ ጣት ካልገባበት በጥላ ሥር ለጥቂት ወራት ይቆያል፤ የቆመጠጠ ሽታ ካወጣ ይጣላል። የሸብ ውኃ በየሁለት ሳምንቱ ቢታደስ መልካም ነው። ከቤት ፍጆታ አልፎ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው፣ የመዋቢያ ምርቶች በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ለጎረቤት በስጦታ ለሚሰጠውም ቢሆን የተሠራበት ቀንና የገቡበት ነገሮች በዕቃው ላይ ሊጻፉ ይገባል፤ በተለይ ሰሊጥ አለርጂ የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ስላሉ ስሙ ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም።