ጥርስ መነቀል ምንድን ነው? ከማደንዘዣው እስከሚረጋው ደም

«መንቀል» የሚለው ቃል ቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚያመጣው አረም ወይም ሽንኩርት ከእርጥብ አፈር ሲመዘዝ ነው። ብዙ ሰውም በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ሐኪሙ ጥርሱን በጉጠት ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ውጭ የሚስበው ይመስለዋል። ሥራው ግን በበጋ ከደረቀ መሬት ላይ ችካል ከማውጣት ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። ችካል የሚያወጣ ሰው ወደ ላይ ከመሳቡ በፊት ወዲያና ወዲህ እየነቀነቀ ጉድጓዱን ያሰፋል፤ ጉድጓዱ ሲሰፋ ችካሉ ያለ ብዙ ትግል ይለቃል። ጥርስም ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በሚያንስ የጅማት ሽፋን ተይዞ በአጥንቱ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ጥርስ መንቀል ማለት እንግዲህ እነዚህን ጅማቶች አላቅቆ፣ ጉድጓዱን ጥቂት አስፍቶ፣ ጥርሱን ከነሥሩ ማውጣት ነው።

ቀላል ለሆነ ጥርስ ይህ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው። በእኔ ግምት ሰው ከሚገባው በላይ የሚፈራው እነዚህን ደቂቃዎች ሲሆን፣ ከሚገባው በታች የሚያስብበት ደግሞ ጥርሱ በወጣበት ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚረጋው ደም ነው።

ሐኪም ጥርስ እንዲነቀል የሚወስነው መቦርቦሩ በሙላትም ሆነ በሥር ሕክምና ለማዳን ከማይቻልበት ደረጃ ሲደርስ፣ የድድ በሽታ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ጨርሶት ጥርሱ ሲወዛወዝ፣ ጥርሱ ከሥሩ ሲሰበር፣ ወይም በዕድሜ ዘግይቶ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ቦታ አጥቶ በየጊዜው ሲያመረቅዝ ነው። «ሳይነቀል ማዳን አይቻልም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ መልሱን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ራጅ ነው። በአካባቢያችን፣ በወሎ፣ የተለመደው ግን ሕመሙ ሲጀምር ቅርንፉድ መንከስ ወይም አረቄ በጉንጭ መያዝ፣ ሲብስ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ወራት መግፋት ነው። የቅርንፉድ ዘይት ለጊዜው ማደንዘዙ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም እብጠቱን ሊቀንሰው ይችላል፤ ነገር ግን የመግሉ ምንጭ ጥርሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

ከወንበሩ ላይ ከመቀመጥ በፊት ለሐኪሙ ሳይነገሩ የማይታለፉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን መናገር አለበት፤ ይሁን እንጂ ደም ይፈስሰኛል ብሎ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባውም፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን ማቋረጥ በልብ ወይም በአንጎል ላይ የሚያስከትለው አደጋ ከድድ ደም የከፋ ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም ከዚህ ቀደም የልቡ ውስጠኛ ሽፋን ተመርዞ የታከመ ሰው፣ ጥርሱ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ አንቲባዮቲክ እንዲወስድ ይደረጋል። በልጅነት ከተደጋገመ የቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ስለሆነ፣ «ልብህን ታምመህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ባይቀርብ እንኳ ታካሚው ራሱ ሊያነሣው ይገባል። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ እርግዝና፣ አስምና የመድኃኒት አለርጂም እንዲሁ ይነገራሉ። ግፊቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ብዙ ሐኪሞች አስቸኳይ ያልሆነውን ጥርስ በዚያ ቀን አይነቅሉትም፤ ይህ ታካሚውን ለማጉላላት የሚደረግ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ምግብ ነው። ለቀዶ ጥገና የሚሰጠው «ሳትበላ ና» የሚለው ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ለሚያስተኛ ማደንዘዣ እንጂ በድድ ለሚወጋ መርፌ አይሠራም። እንዲያውም በባዶ ሆድ የመጣ ሰው ፍርሃት ሲጨመርበት ወንበሩ ላይ ራሱን ሊስት ይችላል። ደሴና ኮምቦልቻ የሁለት ሃይማኖት ጾም የሚጾምባቸው ከተሞች በመሆናቸው ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም፤ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ያለ ታካሚ፣ ጥርሱ የሚታገሥለት ከሆነ ቀጠሮውን ከጾሙ በኋላ ማድረጉ ወይም ከሐኪሙ ጋር በሰዓቱ ላይ መነጋገሩ ይጠቅመዋል።

ማደንዘዣው ብዙውን ጊዜ ሊዶኬይን የሚባል መድኃኒት ነው። መርፌው ድድ ላይ ሲወጋ ለሴኮንዶች ይቆጠቁጣል። ከመድኃኒቱ ጋር ጥቂት አድሬናሊን ስለሚቀላቀል ለአንድ ሁለት ደቂቃ ልብ ሊመታ፣ እጅም ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ስስ ስለሆነ መድኃኒቱ ከጥርሱ አጠገብ ተወግቶ በጥቂት ደቂቃዎች ይሠራል። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ግን ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ለኋለኞቹ ጥርሶች መርፌው የሚሰጠው ወደ ጉሮሮ አቅራቢያ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ በሚገባበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ግማሽ ከንፈርና ግማሽ ምላስ አብረው ይደነዝዛሉ፤ ከንፈሩም ለሁለትና ለሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የራስ አይመስልም። መግል የቋጠረ ጥርስ ዙሪያ አሲድ ስለሚበዛ ማደንዘዣው በደንብ ላይሠራ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲነካካ የሰላ ሕመም የሚሰማው ሰው ጥርሱን ነክሶ መታገሥ የለበትም፤ እጁን ያንሣ፤ መርፌ ይጨመርለታል።

የሰላ ሕመም ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ማደንዘዣ ሕመምን ያጠፋል እንጂ መገፋትን አያጠፋም፤ ታካሚው የሐኪሙ እጅ መንጋጋውን ሲጫነው፣ ጥርሱ ሲነቀነቅ፣ አንዳንዴም አጥንቱ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲሰማ መደንገጥ የለበትም። የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ሥር ስላለው ቶሎ ይወጣል። የታች መንጋጋ ጥርስ በአብዛኛው ሁለት፣ የላይ መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ሦስት ሥር አለው፤ ሥሮቹ ወደተለያየ አቅጣጫ የተንሻፈፉ እንደሆነ ሐኪሙ ጥርሱን በመሣሪያ ከፍሎ እያንዳንዱን ሥር ለየብቻ ሊያወጣ ይችላል። ጥርስ ተሰብሮ ሥሩ ቢቀርና ሐኪሙ ፍለጋ ቢቆይ ሁልጊዜ የሙያ ጉድለት አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም፤ ለዓመታት የተቦረቦረ ጥርስ እንደ ደረቅ ኩበት ይፈረፈራል።

የላይ ጥርስ፣ በተለይም ክራንቻ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው እስኪያብጥ ድረስ ሕክምና እንዲሸሽ አድርጎታል። ዓይን የሚያይበትና ጥርስ የሚታመምበት ነርቭ የተለያየ ነው፤ ጥርስ ስለተነቀለ የሚታወር ዓይን የለም። እውነቱ ወደ ተቃራኒው ያደላል፦ ሳይታከም የቆየ የላይ ጥርስ መግል ወደ ጉንጭ፣ አልፎ አልፎም ወደ ዓይን አካባቢ ሊዛመት ይችላል።

ጥርሱ ወጥቶ በሣህን ላይ ሲቀመጥ ታካሚው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሐኪሙ ግን የታጠፈ ጎዝ፣ ማለትም የቁስል ጨርቅ፣ ጉድጓዱ ላይ አድርጎ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አጥብቆ እንዲነክስ ያዝዘዋል። የዚህ ዓላማ ደሙን መጥረግ ሳይሆን፣ ደሙ ባለበት ቆሞ እንዲረጋ መጫን ነው። የረጋው ደም ለተከፈተው አጥንትና ለነርቮቹ ጫፍ ክዳን ይሆናል፤ አዲሱ ሥጋና አዲሱ አጥንትም የሚያድጉት በእሱ ላይ ተመሥርተው ነው። በየአምስት ደቂቃው ጎዙን እያነሣ «ቆመ ወይ?» ብሎ የሚያይ ሰው የረጋውን እየቀደደ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ከኩታበር፣ ከሐይቅ ወይም ከኮምቦልቻ ለሕክምና ደሴ የመጣ ሰው ቢቻለው መናኸሪያ ከመሄዱ በፊት እዚያው ክሊኒኩ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥና ደሙ መቆሙ ቢታይለት ይሻላል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረዱ በሚኒባስ ውስጥ ደም ሲፈስስ ማስተናገድ ለታካሚውም ለጎረቤቱም ምቹ አይደለም።

እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሰጡት ክልከላዎች ሁሉ፣ ተራ በተራ ሲሰሙ ዝብርቅርቅ ቢመስሉም፣ ይህን የረጋ ደም ከመጠበቅ የመነጩ ናቸው። አይጉመጠመጡም፣ አይተፉም፣ በስትሮ አይጠጡም፤ ምክንያቱም በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው መምጠጥና መገፋት ደሙን ከጉድጓዱ ይነቅለዋል። ሲጋራም እንዲሁ፤ መሳቡ አንድ ጉዳት፣ ጢሱ የደም ሥሮችን ማጥበቡ ሌላ ጉዳት ነው። ትኩስ ነገር የረጋውን ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ቡናው ይቅር ማለት ለወሎ ሰው ከባድ ቢሆንም፣ ቢያንስ አቦሉ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ከንፈሩ ገና ደንዝዞ ሳለ ትኩስ ሲኒ ማንሣት ደግሞ ሳይታወቅ ራስን ማቃጠል ነው። ጫት በሰዓታት የሚቆጠር ማኘክ፣ በጉንጭ የሚከማች ቅጠልና በላዩ የሚጠጣ ትኩስ ነገር ያለበት በመሆኑ ለጉድጓዱ ከሁሉም የማይመች ነው፤ ወዳጃ ላይ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ዱዓ በሚደረግበት ስብስብ ላይ፣ የተጠራ ሰው ዱዓውን አድርሶ ቅጠሉን ለሳምንት ቢተው መልካም ነው። ሙስሊም ታካሚዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ውዱእን፣ ማለትም ከሶላት በፊት አፍን ጭምር መታጠብን፣ ይመለከታል። ከሕክምናው በኩል የሚባለው ውሃውን ቀስ ብሎ አፍ ውስጥ አስገብቶ ሳይገፉና ሳይተፉ ራስን ዘንበል አድርጎ ማፍሰስ ነው፤ ከዚያ የሚቀረውን መልስ የሚሰጡት ሼሁ ናቸው።

ምግቡ ለብ ያለና ለስላሳ ይሁን፤ አጥሚት፣ ወተት፣ እርጎ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ያለ በርበሬ ይበቃል፤ ቆሎ ይቆይ። በሌላው ጎን ማኘክ ይቻላል። የማደንዘዣው ኃይል ሳይለቅ የመጀመሪያውን የሕመም ማስታገሻ መውሰድ ሕመሙን ከመነሻው ለመቅደም ይረዳል። ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ከ1,000 ሚሊ ግራም፣ በቀን ከ4,000 ሚሊ ግራም አይበልጥም። አይቡፕሮፌን ለጥርስ ሕመም ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱት። ደም ስለሚያቀጥን አስፕሪን ለዚህ አይመረጥም፤ ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ደግሞ ድዱን ያቃጥላል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ ይቀንሳል፤ ምራቅም በመጀመሪያው ቀን ሮዝ ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም። ሌሊት ደም ከተመለሰ ንጹሕ ጨርቅ፣ ወይም በውሃ ረጥቦ የተጨመቀ የሻይ ከረጢት ላዩ ላይ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ሳያነሡ መንከስ ነው፤ ሻዩ ውስጥ ያለው አጣባቂ ነገር ደሙን ለማርጋት ይረዳል።

ከ24 ሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ መጉመጥመጥ ይፈለጋል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ ማመላለስ ይበቃል።

ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ለሁለት ቀን ተሽሎት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ጆሮ የሚዘልቅ፣ እንቅልፍ የሚነሣ ውጋት ከመጥፎ ሽታ ጋር የጀመረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የረጋው ደም ከቦታው ጠፍቶ አጥንቱ መጋለጡ ነው። ይህ «ደረቅ ጉድጓድ» የሚባለው ችግር ከተራ ነቀላዎች ከመቶ 2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሲነቀልና በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ይበዛል። ሥቃዩ ከባድ ቢሆንም ሕክምናው ቀላል ነው፤ ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ የሚያስታግሥ መድኃኒት ይሞላበታል። አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ አጥንቱን አይሸፍነውም። ከዚህ የተለየው ደግሞ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ መክፈት አለመቻል፣ ይልቁንም መዋጥ ወይም መተንፈስ ማስቸገር ነው፤ ይህን ያየ ሰው ነገ እሄዳለሁ ሳይል፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የላይ መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የጠጣው ውሃ በአፍንጫው የሚወጣበት ሰው አፍንጫውን ሳይናፈጥ ወደ ነቀለው ሐኪም ይመለስ፤ የሥሩ ጉድጓድ ከአፍንጫው ጎን ካለው ባዶ ክፍል ጋር ተገናኝቶ ይሆናል።

ድዱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይገጥማል፤ ጉድጓዱ በአጥንት እስኪሞላ ግን ወራት ይወስዳል። የተተወው ክፍተት ባዶ ሆኖ ሲቆይ የጎን ጥርሶች ወደዚያ ያዘነብላሉ፣ የትይዩውም ጥርስ ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመነጋገር ተስማሚው ጊዜ እንግዲህ ድዱ ከዳነ በኋላ፣ ጥርሶቹ ግን ገና ቦታቸውን ሳይለቁ ነው፤ የመጨረሻው መንጋጋ የሆነ እንደሆነ የሚተካ ነገር አያስፈልገውም።