ዘይቱ ሲቀየር ሶዳው ለምን ይቀየራል?

በሳሙና አሠራር «የሳፖኒፊኬሽን ቁጥር» ሲባል ብዙዎች ግራ ይጋባሉ። አንድ ግራም ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን ስንት ግራም ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) እንደሚፈልግ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ለወይራ ዘይት 0.135፣ ለኮኮናት 0.183 ገደማ። የኮኮናት ዘይት ሞለኪውሎች አጫጭር ስለሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ በርከት ይላሉ፤ ብዙ ሶዳ የሚፈጁትም ለዚህ ነው።

700 ግራም ወይራ 94.5፣ 300 ግራም ኮኮናት ደግሞ 54.9 ግራም ሶዳ ይፈልጋሉ፤ ድምሩ 149.4። ከዚህ 5 በመቶ ቀንሰው 142 ግራም ይጠቀሙ፤ የሚተርፈው ዘይት ቆዳን ያለሰልሳል። ኮኮናቱን በወይራ ተክተው ሶዳውን እንዳለ ከተዉት ግን 7 ግራም ያህል ሶዳ ሳይዋሃድ ይቀርና ቆዳ ያቃጥላል። ቁጥሩን ያገኙበት ሰንጠረዥ በኮስቲክ ሶዳ ፈንታ ለፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ለሳሙና ለሚውል ሌላ አልካሊ) የተዘጋጀ ከሆነ በቅድሚያ ቁጥሩን ለ1.4 ያካፍሉ። ሁሉንም በሚዛን እንጂ በስኒ አይለኩ።