የፍራንዝ ዕጢ ምንድን ነው?

ንዴትና ሐዘን ሲበረታብን «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ቆሽት ግን ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ኢንሱሊንንና ምግብ የሚያልሙ ኢንዛይሞችን የሚያመነጭ አካል ነው፤ ሲታመምም ብዙ ጊዜ ድምፁን አያሰማም። ቆሽት ላይ የሚበቅለው የፍራንዝ ዕጢ ያለባት ልጅ ዕጢው የብርቱካን ያህል እስኪያድግ ድረስ ከቀላል የሆድ ሕመም በስተቀር ምንም ላይሰማት ይችላል። «ያለባት» ያልኩት በምክንያት ነው፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1959 ዕጢውን ከገለጹት አሜሪካዊት ሐኪም ከቨርጂኒያ ፍራንዝ የመጣ ነው።

ወላጅ «የቆሽት ዕጢ» ሲባል የሚደነግጠው አዋቂዎችን ፈጥኖ የሚገድለውን ካንሰር አስቦ ነው። ድንጋጤው ይገባኛል፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ጉበት የሚዛመተውም በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ከባዱም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዕጢው ሳይፈነዳ እንዳለ መውጣት አለበት፤ ከፈሰሰ ሆድ ውስጥ እንደገና ሊበቅል ይችላል። በሌላ በኩል፣ ገና ስድሳ ዓመት ከፊቷ ላለ ልጅ በተቻለ መጠን ጤነኛውን ቆሽት መተው ያስፈልጋል፤ ብዙ ከተቆረጠ የስኳር በሽታ ሊከተል ይችላል።

ዕጢው በቆሽት ጅራት ላይ ከሆነ የግራው ክፍል ይቆረጣል። የጣፊያ ደም ሥሮች ቆሽቱን ታክከው ስለሚያልፉ፣ ጣፊያውን ማትረፍ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ልፋቱ ግን ተገቢ ነው፤ ጣፊያ የሌለውን ሰው የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ይበረቱበታል፣ ወባ ባለባቸው ቆላማ አካባቢዎቻችን ደግሞ ወባውም ይከፋበታል። ጣፊያው ሊወጣ የሚችል ከሆነ የእነዚህ ባክቴሪያዎች መከላከያ ክትባት ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቢሰጥ ይመረጣል።

በቆሽት ራስ ላይ ሲሆን ዊፕል የሚባለው ረጅም ቀዶ ጥገና ይደረጋል። የቆሽቱ ራስ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ከሐሞት ከረጢቱና ከሐሞት ቱቦው ጫፍ ጋር ይወጣና የቀረው ከአንጀት ጋር ይሰፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሰጋው የቆሽት ፈሳሽ ከስፌቱ መፍሰሱ ነው፤ በሆድ ላይ የሚተከለው ቱቦ ለዚያ ነው። አንዳንዶች ከምግብ ጋር የኢንዛይም እንክብል ይወስዳሉ። ዕጢው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችልም ክትትሉ ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላም ይቀጥላል።